ማፑ ላይ ስንት ሰው አለ?

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ትልልቆቹ የቪአር የተኩስ ጌሞች ናቸው። ይበልጥ ደግሞ ተጫዋቾች ስለነዚህ ጌሞች የሚሉት ነገር። ቪአር ስል ዓይናችንን የሚሸፍን ስክሪን ያለው ሄድሴት ራሳችን ላይ አጥልቀን፣ ሁለት ኮንትሮለር በሁለት እጃችን ይዘን የምንጫወተውን ማለቴ ነው። ትልልቅ ስል ደግሞ 30፣ 60 ሰው በአንድ ሜዳ፣ በጌም ቋንቋ በአንድ ማፕ፣ የሚገናኝበትን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳንምታታ።

እኔ ተጫዋች ነኝ። ጌም አልሠራም፣ አልሸጥምም። ግን ለዓመታት ከመጫወቱ ጎን ለጎን የሌሎችን ተጫዋቾች አስተያየት ቁጭ ብዬ አነባለሁ። መጀመሪያ ላይ ንባቡ ግራ ያጋባኝ ነበር። አንዱ እንዲህ ያለ ጌም በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ይጽፋል። ከሱ በታች ያለው ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጌም ነው። ያውም በዚያው ሳምንት።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው የገባው ሜዳው በሰው በተሞላበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ሲገባ ያገኘው ባዶ መንደርና ጥቂት ቦት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች፣ ነው። አንድ ጌም ገዝተው ሁለት የተለያየ ነገር ነው የደረሳቸው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይኸው ነው። ስለ ግራፊክስ ይሁን ስለ ላግ፣ ማለትም ስለ መዘግየት፣ ስለ ማቅለሽለሽ ይሁን ስለ ጩኸት፣ በነዚህ ጌሞች ላይ የሚነሳውን ቅሬታ ሥሩ ድረስ ተከተሉት። የሚያደርሳችሁ ሰው ጋ ነው። ስንት ሰው አለ? ያሉትስ ሰው ይመስላሉ ወይ?

ከሚወደደው ልጀምር። ስለሱ በቂ ሲወራ አልሰማም።

አንድ ምሽት አንድ ትልቅ ጨዋታ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ከሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ስኳድ፣ አንድ ቡድን፣ ውስጥ ወደቅሁ። አንዳቸውም እኔ የማውቀውን ቋንቋ አይናገሩም። አንድ የፈራረሰ ግድግዳ ሥር ተጠግተናል። ከፊት ያለው ሰውዬ መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ። ቁሙ ማለቱ ነው። ቆምን። ከዚያ በጣቱ ወደ ላይኛው መስኮት ጠቆመ፣ ሁለት ጣቱን አሳየን። ሁለት ሰው አለ። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ራሱን ዞር አድርጎ አየኝ። እየተከተልኩት መሆኔን ሊያረጋግጥ ነው።

ያ ዞር ማለት እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም። በስክሪን ጌም ያን የሚያደርግ የለም። በማውስ ስትጫወቱ ዞር ብላችሁ ጓደኛችሁን ብታዩት፣ እሱ የሚያየው የተዘጋጀ አኒሜሽን ነው። እዚህ ግን የዞረው የአንድ ሰው አንገት ነው። የት አገር እንደሆነ የማላውቀው ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ እኔን ለማየት አንገቱን አዞረ።

ተጫዋቾች ደጋግመው የሚያነሱት ይህንን ነው፤ ስሙን ባይጠሩትም። ካዝናውን ከወገባቸው መዝዘው ጠመንጃው ውስጥ ሲከቱ፣ አቀባብለው ሲተኩሱ፣ ጥይት ሲበዛ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ካዝናው አልገባ ሲላቸው ያለውን ስሜት ይጽፋሉ። በእውነት በርከክ ብለው ከግድግዳ ጀርባ መደበቃቸውን ይጽፋሉ። ፖፑሌሽን ዋን የተባለው የቪአር ጌም በኦክቶበር 2020 ሲወጣ ሰዎች የወደዱት ማንኛውንም ግድግዳ በገዛ እጃቸው ቧጠው መውጣታቸውንና እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው መንሳፈፋቸውን ነው። ጠላት ከላይም ከታችም ስለሚመጣ አንገት ቀና ማድረግ የግድ ነበር። በስክሪን ፊት ለአሥር ዓመት የተኮሰ ሰው እንኳ ቀና ማለትን እንደ አዲስ ተማረ።

እንግዲህ ሰው የሚወደው ይህ ከሆነ፣ ጥያቄው ይህንን በ60 ሰው ማባዛት ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ትልቅነት ለጌም ዓለም አዲስ አይደለም። በ2002 የወጣው ባትልፊልድ 1942 የተባለው ጌም 64 ሰው አጫውቷል። በ2010 ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣው ማግ ቁጥሩን 256 አደረሰው። በ2015 ደግሞ ፕላኔትሳይድ 2 ውስጥ 1,158 ተጫዋቾች በአንድ ውጊያ ተገናኝተው ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ቪአር ግን የተነሳው ከታች ነው። ኦንዋርድ በ2016 ሲመጣ አምስት ለአምስት ነበር። ፋየርዎል ዜሮ አወር በ2018 ሲወጣ አራት ለአራት። ከዚያ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። በ2024 የወጣው ኮንትራክተርስ ሾውዳውን 60 ሰው አንድ ማፕ ላይ አወረደ። ከሱ በኋላ የመጣው ፎርፍሮንት ታንክና ሄሊኮፕተር ጨመረ፤ ሰዉ ግን 16 ለ16 ነው። ልብ በሉ፤ ማግ በ2010 256 ከደረሰ ከ14 ዓመት በኋላ ነው ቪአር በ60 የሚደነቀው።

ለምን? ቀደም ብዬ ያልኳችሁ መዳፍ ነው ምክንያቱ።

በስክሪን ጌም ኮምፒውተራችሁ ተጫዋቾቹን ለሚያገናኘው ማሽን፣ ለሰርቨሩ፣ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። የት ቆማችኋል፣ ወዴት ታያላችሁ፣ ምን ተጫናችሁ። ክርናችሁንና አንገታችሁን ሌላው ተጫዋች ጋ ያለው ማሽን ራሱ ይሞላዋል። በቪአር ግን ሦስት ነገር ያለማቋረጥ መላክ አለበት፦ የራስ፣ የቀኝ እጅና የግራ እጅ ቦታና አቅጣጫ። በየሰከንዱ፣ ደጋግሞ። 60 ሰው ካለ የማያርፉ 180 ነጥቦች አሉ ማለት ነው።

ከዚያ ማከፋፈሉ ይመጣል። ሜዳው ላይ 10 ሰው ካለ ለእያንዳንዱ የ9 ሰው ወሬ መድረስ አለበት። በድምሩ 90 የወሬ መስመር። 60 ሰው ካለ ለእያንዳንዱ የ59 ሰው ወሬ። በድምሩ 3,540። ሰዉ ስድስት እጥፍ ሲጨምር ወሬው 39 እጥፍ አደገ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ይቆጥባሉ። ቅርብ ያለውን ሰው ቶሎ ቶሎ ይልኩላችኋል፣ ሩቅ ያለውን አለፍ አለፍ እያሉ። ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ሌላ መንገድም ብዙ የለም። ሩቅ ያለ ሰው እጁ እየተቆራረጠ ሲሄድ፣ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ገብታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ስትሞቱ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚህ ጋ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሄድሴቱ ሥራ ላይ ነው። በሰከንድ 72 ጊዜ የሚስል ሄድሴት ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ ከ14 ሚሊሰከንድ አይሞላም። በ90 ከሆነ 11 ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ለሁለት ዓይን ሁለት ምስል ይሠራል። ኬብል የሌላቸው ሄድሴቶች ደግሞ ይህን የሚሠሩት ስልክ ውስጥ ካለው ጋር በሚቀራረብ ቺፕና በባትሪ ነው። ስክሪን ላይ ምስሉ ትንሽ ቢዘገይ ትበሳጫላችሁ። ፊታችሁ ላይ የታሰረው ሲዘገይ ግን ሆዳችሁ ነው የሚገለባበጠው። ስለዚህ ሠሪው ዛፉን ይቀንሳል፣ ሣሩን ያነሳል፣ ግድግዳውን ለሙጥ ያደርገዋል። ተጫዋቹም ግራፊክሱ የድሮ ጌም ይመስላል ብሎ ይጽፋል። እውነቱን ነው፣ ይመስላል። እዚያ ሜዳ ላይ ለቆሙት እጆች የተከፈለ ዋጋ ነው።

ስለ ርቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ የብዙዎች ንዴት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማን እንደገደለኝ አላየሁም የሚሉት ብዙ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሜታ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኩዌስት 3 ሄድሴት በአንድ ዲግሪ እይታ ውስጥ 25 ገደማ የምስል ነጥብ፣ ፒክስል የሚባለውን፣ ያሳያል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው 200 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም፣ ከእይታችሁ የሚይዘው ግማሽ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ 13 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። 13 ነጥብ ያለው ሰው ቁጥቋጦ ሥር ከገባ አለቀለት፣ አታዩትም። የጦር ሜዳው ሰፋ በተባለ ቁጥር ሰዎቹ ወደ ነጥብነት ይወርዳሉ። ያ የምወደው መዳፍ፣ ያ ዞር የሚል አንገት፣ 200 ሜትር ላይ የለም። እኔ በግሌ ለቪአር ጥሩ ውጊያ ማለት ከ50 ሜትር ወዲህ ነው እላለሁ። ሰፊውን ሜዳ የሚወዱ እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ግን ሄድሴቱ ለነሱ ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወደ ባዶው ሜዳ።

አንድ ትልቅ ጌም በሦስት የዓለም ክፍል ሰርቨር አለው እንበል። ሦስት ዓይነት የአጨዋወት ሞድም አለው። ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ ወረፋ። እያንዳንዱ ጨዋታ 60 ሰው ይፈልጋል። በየወረፋው አንድ አንድ ጨዋታ ብቻ እንዲጀመር 540 ሰው በዚያች ደቂቃ ኦንላይን መሆን አለበት። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የመጣ ሰውስ? ሌላ 60 እስኪሞላ ይጠብቃል። አምስት ለአምስት ቢሆን ለዘጠኙም ወረፋ 90 ሰው ይበቃ ነበር።

መጠበቁም በቪአር ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር ፊት ወረፋ የምትጠብቁ ከሆነ ስልካችሁን ታያላችሁ፣ ተነስታችሁ ውኃ ትጠጣላችሁ። እዚህ ግን ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ዕቃ ፊታችሁ ላይ ታስሯል፤ ኩዌስት 3 ብቻውን 515 ግራም ነው። ጨዋታው እስኪጀመር በሚጠበቅበት ሎቢ ውስጥ ቆማችሁ የመጣውን ሰው ቁጥር ታያላችሁ። 14። 15። ከዚያ ሁለት ሰው ይሰለቻቸውና ይወጣሉ። 13። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዲሁ ቆሜ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ አንዲት ጥይት ሳልተኩስ አውልቄው ተኝቻለሁ። በነጋታው ስለዚያ ጌም አስተያየት ስጥ ብትሉኝ ምን የምል ይመስላችኋል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ማፕም እንደዚያው ነው። ለ60 ሰው የተሠራ ሜዳ ለ11 ሰው ሸክም ነው። ስድስት ደቂቃ ትሮጣላችሁ፣ ማንም የለም። ከዚያ አንድ ሰው ከሩቅ መትቶ ይጥላችሁና እንደገና ስድስት ደቂቃ ትሮጣላችሁ። ብዙ ተጫዋቾች ጌሙ የመራመጃ ጌም ነው ሲሉ ማፑን መውቀሳቸው ይመስላል። ማፑ ምንም አላደረገም። ሰው ነው የጎደለው።

ሠሪዎቹም ይህንን ያውቃሉ። ስለዚህ ቦት ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ቦት መኖሩን አልቃወምም። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ወረፋውንም ያሳጥራል። የምቃወመው ቦትን ሰው አስመስሎ ማስገባትን ነው። የሰው ስም ይሰጡታል፣ የሰው ልብስ ያለብሱታል። ግን በቪአር ቦት በሰከንዶች ውስጥ ይለያል። እጁ አይንቀጠቀጥም። ዞር ብሎ አያይም። ጎኑ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ አይደነግጥም። ተጫዋቹ ይህን ሲያውቅ የሚሰማው መታለል ነው። ቅድም በርከክ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ የታገልኩት ከማን ጋር ነበር? ከዚያ በኋላ እውነተኛ ሰው ቢገጥመው እንኳ ይጠራጠራል። ቦት ከሆነ ቦት ተብሎ ይጻፍበት። ይህን ለማድረግ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም።

አዎ፣ እጅህን ያወጣኸው ወንድሜ፣ አየሁህ። ስለ ማቅለሽለሽ ነው አይደል? አሁን እመጣበታለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዓይናችሁ እየሮጣችሁ ነው ይላል። ውስጠኛው ጆሯችሁ ውስጥ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል አለ፤ እሱ ቆማችኋል ይላል። አንጎል ሁለት የማይስማሙ ምስክሮች ይዞ ይጨነቃል፣ ጭንቀቱን ሆድ ይከፍላል። መፍትሔዎች አሉ። በ2016 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የእይታውን ዳር ቀስ አድርጎ ማጥበብ ሕመሙን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዛሬ ብዙ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ይህ አለ። ቀስ ብሎ ከመዞር ይልቅ በአንዴ ቆረጥ አድርጎ መዞርም እንዲሁ ይረዳል።

ትልልቆቹ ጌሞች ግን ተሽከርካሪ ያመጣሉ። መኪና ውስጥ ሹፌሩ ሳይታመም ከኋላ ያለው እንደሚታመመው፣ እዚህም ነጂው የተሻለ ነው። ከኋላ ተቀምጦ በሄሊኮፕተር የሚወሰደው ነው የሚሠቃየው። ትራንስፖርቱን ወደድኩት የሚለው አብራሪው ነው፤ ተሳፋሪውን ማን ጠየቀው?

ነባሮቹ ትለምደዋለህ ይላሉ። ይህን አባባል በፍጹም አልወደውም። የለመዱት ናቸው የሚናገሩት። ያልለመዱት ሄደዋል። 300 ሰዓት ተጫውቼ ምንም አልሆንኩም የሚል ሰው ስታነቡ፣ በ20 ደቂቃው ሄድሴቱን አውልቆ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይጽፍ የቀረውን ሰው አስቡት። እሱ አስተያየት አልሰጠም። ሜዳው ላይ ግን አንድ ሰው ጎድሏል። ለኔ የነዚህ ጌሞች ትልቁ አስተያየት የሱ ዝምታ ነው። የእይታ ማጥበቢያውን ከሴቲንጉ ሰባተኛ ገጽ አውጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስቀመጥ አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ሰው ይመልሳል።

ድምፅን በተመለከተ። በነዚህ ጌሞች ድምፅ እንደ እውነቱ ዓለም ነው፤ ቅርብ ያለ ይሰማል፣ የራቀ አይሰማም። ውብ ነገር ነው። ብዙ አዋቂዎች ግን ሎቢው በሕፃናት ጩኸት ተሞላ ብለው ያማርራሉ። እውነት ነው፣ ልጆች በዝተዋል። ሜታ በ2023 የወላጅ ቁጥጥር ባለበት ኩዌስትን ለመጠቀም የሚፈቅደውን ዕድሜ ከ13 ወደ 10 አውርዶታል። ፖፑሌሽን ዋንም በዚያው ዓመት በነፃ ሆነ፤ ነፃ ሲሆን የሚመጣው መጀመሪያ ገንዘብ የሌለው ነው። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ልጅ ነው።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። ሜዳውን ማን ሞላው? ባዶ ነው ብለን ያለቀስንበትን ሎቢ የሞሉት እነሱ ናቸው። እኔ የሰማኋቸው በጣም አስቀያሚ ስድቦች ከልጅ አፍ የወጡ አይደሉም። ወፍራም ድምፅ ያለው አዋቂ፣ የ11 ዓመት ልጅን እየተከተለ ሲሰድብ ሰምቻለሁ። ልጁ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር፤ እጆቹ ወርደው። ያ አቋቋም ልብ ይነካል፣ ምክንያቱም እውነተኛ አቋቋም ነው። አዋቂዎችና ልጆች የየራሳቸው ሎቢ ቢኖራቸው ለሁለቱም ይሻላል። እስከዚያ ድረስ ድምፅ ማጥፊያው አለ፤ እሱን መጫን ከመሳደብ ይቀላል።

ስለ ክሮስፕሌይ፣ ማለትም የተለያየ መሣሪያ ያላቸው ተጫዋቾች በአንድ ሜዳ ስለመገናኘታቸው፣ ባጭሩ። ኦንዋርድ በጁላይ 2020 ወደ ኩዌስት ሲመጣ፣ የኮምፒውተሩ ሥሪትም አብሮ ቀለለ። የኮምፒውተር ተጫዋቾች በጣም ተቆጡ። ውድ ማሽን ገዝተው የነበራቸውን ውበት ተነጠቁ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ የገዙት ዕቃ ነው የተለወጠባቸው። በሌላ በኩል ግን ያለ ኩዌስት ተጫዋቾች ትልልቅ ሜዳዎችን መሙላት አይታሰብም። በሁለቱ መሃል ምረጥ ብትሉኝ ሰዉን እመርጣለሁ። ብቻ አስቀድሞ ይነገራቸው።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። መዘጋትን።

ማግ፣ ያ 256 ሰው ያጫወተው ጌም፣ በጃኑዋሪ 2014 ሰርቨሩ ተዘጋ። ዲስኩን የገዛ ሰው ዛሬ የያዘው ክብ ፕላስቲክ ነው። ኤኮ ቪአር የተኩስ ሳይሆን በክብደት አልባ ሜዳ የሚደረግ ስፖርት ነበር፤ ግን ማኅበረሰቡ ከቪአር ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት ነበር። ኦገስት 1 2023 ተዘጋ። የፋየርዎል ሠሪዎች በኦገስት 2023 አዲሱን ፋየርዎል አልትራን አወጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ራሱ ሥራ አቆመ።

ብቻዬን የምጫወተው ጌም ሠሪው ቢከስርም እኔ ጋ ይቀራል። የ60 ሰው ጌም ግን ሰርቨሩ ከጠፋ ምንም አይቀርም። ተጫዋቾች ይህን ያውቃሉ። አንድ አዲስ ትልቅ ጌም ሲወጣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በስድስት ወሩ ይሞታል ብለው የሚጽፉ አሉ። ክፋት ይመስላል። አይደለም፤ ከዚህ በፊት የነበሩበት ቤት ፈርሶባቸው ነው። ችግሩ፣ ይህን ያነበበው ሌላው ሰው ሳይገዛ ይቀራል፤ እሱ ሲቀር ሜዳው ይጎድላል፤ ሲጎድል እውነትም ይሞታል።

ይህን አዙሪት የሚሰብር አንድ ነገር አውቃለሁ። ሰርቨሩን ለተጫዋቹ መስጠት። ፓቭሎቭን ተመልከቱ። በ2017 ጀምሮ እስካሁን ሰው የሚጫወተው አንዱ ምክንያት፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር መክፈትና የራሳቸውን ማፕ መሥራት መቻላቸው ነው። 20 ሰው ያለው ቡድን ማክሰኞ ማታ ተቀጣጥሮ የራሱን ሜዳ ይሞላል። ወረፋ የለም፣ ቦት የለም፣ ከዓለም ዙሪያ 540 ሰው መጠበቅም የለም። ትልቅ ጌም ለሚሠራ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ማፑን በሰዉ ልክ የሚጠብና የሚሰፋ አድርጉት። 12 ሰው ከመጣ አንዷን ሰፈር ክፈቱለት። 40 ከመጣ ከተማውን። ልትዘጉት ስትሉ ደግሞ ቁልፉን ለተጫዋቾቹ ስጡ።

ጥያቄ እንቀበል።

እህታችን ጌም ከመግዛቴ በፊት የትኛውን አስተያየት ልመን ትላለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮከቡን ትቼ አራት ነገር እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በምን ሄድሴት ተጫወተ? በስንት ሰዓት ገባ? ጨዋታው ውስጥ ስንት እውነተኛ ሰው ነበር? ለስንት ደቂቃ ቆየ? ይህን የጻፈ ሰው አንድ ኮከብ ቢሰጥም ጠቅሞኛል። ይህን ሳይጽፍ ምርጥ ነው ያለኝ ሰው ምንም አልነገረኝም። እናንተም ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን አራቱን አትርሱ። በተለይ ቶሎ ያወለቃችሁት ሰዎች፤ እናንተ ጻፉ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የተጫወትኩት ብላችሁ አትፈሩ።

ከኋላ ደግሞ ስንት ሰው ይበቃል የሚል አለ። እኔን ከጠየቅከኝ 32፣ ሁሉም ሰው ከሆኑ። 60 ሆነው ግማሹ ቦት ከሚሆን 16 ቢሆኑ ይሻለኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያን መዳፉን የዘረጋውን ሰውዬ ድጋሚ አግኝተኸው ታውቃለህ?

አላገኘሁትም። ጨዋታው አለቀ፣ ሎቢው ተበተነ። ስሙን አላየሁትም፤ አይቼውም ቢሆን በማላውቀው ፊደል ሊሆን ይችላል። ቁመቱ ረዘም ያለ ነው፣ ግራኝ ነው፣ ከመነሳቱ በፊት አንዴ ትከሻውን ያነቃንቃል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሎቢ ውስጥ በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው በግራ እጁ ጠመንጃ የያዘ ሰው መኖሩን ነው።